ዱዓ የተደረገለት ሰርቨር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጋሽ ይማም እጄ ላይ ያስቀመጡት ካቻቢቴ አይደለም፤ መጥረጊያ ነው። "መዲና፣ ሱቁን ጥረጊና ደንበኛ ሲመጣ ጥሪኝ" ብለውኝ ወንበራቸው ላይ ተመቻቹ። ደሴ የኮምፒውተር ጥገና ተምሬ፣ የምስክር ወረቀቴን በፌስታል ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ እየተንገጫገጭኩ መካነ ሰላም የገባሁት መሬት ልጠርግ ነው እንዴ? ጠረግኩ። ስጨርስ መጥረጊያውን ጥግ አስደግፌ፣ ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት ብልሽት ኮምፒውተሮች አንዱን ጎትቼ ከፈትኩት።

"ኧረ አንቺ! ማን ፈቀደልሽ?" አሉ ጋሽ ይማም።

"ጥረጊ ብለውኝ የለ? ውስጡን ልጠርገው ነዋ።"

ውስጡማ የመንገዱ አቧራ ሁሉ ተሰብስቦ የገባበት ይመስል ነበር። የፓወር ሰፕላዩ ማራገቢያ ታፍኖ ቆሟል። በብሩሽ አራገፍኩት፣ ማራገቢያውን ፈትቼ ዘይት አስነካሁት፣ ገጠምኩና ሰካሁት። ተነሳ። ጋሽ ይማም አንዴ ማሽኑን አንዴ እኔን አዩና "አጃኢብ! የዚች ምላስ ከካቻቢቴው ይረዝማል" አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ረዳት ጠጋኝ ሆንኩ። መጥረጊያውን ግን አልተቀበሉኝም፤ ሁለቱንም ያዝኩ።

የመጀመሪያው ደንበኛዬ ክራባት ያሰረ የመሥሪያ ቤት ሰው ነበር። ላፕቶፑን ደረቱ ላይ እንዳቀፈ "ወንድ የለም?" አለኝ።

"ላፕቶፑ ምን ሆነ?"

"አይ፣ ወንድ ካለ ብዬ ነው።"

"ወንድ ከፈለግህ እዚያ ጠጉር አስተካካዩ ጋ ሞልቷል። ላፕቶፕ ማስጠገን ከፈለግህ ደግሞ አምጣው።"

ሰውየው ተናዶ ወጣ። ገበያውን አንድ ዙር ዞሮ ተመለሰ፤ ከእኛ ሌላ ጠጋኝ አልነበረማ። ጠገንኩለት። እሱ ነው ከተማው ውስጥ "እምቢ መዲና" የሚለውን ስም ያወጣልኝ። ለስድብ ነበር ያወጣው፤ እኔ ግን ወደድኩት። ዛሬም "እምቢ መዲና አለች?" ብሎ የሚመጣ አለ፣ "አለች፣ ግባ" እለዋለሁ።

ሰርቨር የሚባለውን ነገር በደንብ የተዋወቅኩት ዋና ቴክኒሻን ከሆንኩ በኋላ ነው። ጋሽ ይማም አንድ መሥሪያ ቤት በኮንትራት ይዘው ነበርና እየሄድኩ ሰርቨሩን አይላቸው ነበር። የተቆለፈች ጠባብ ክፍል፣ ያለማቋረጥ የሚጮህ ማራገቢያ፣ ከሥር መብራት ሲጠፋ የሚደርስለት፣ እንደ ሬሳ ሣጥን የከበደ ዩፒኤስ። ፊቱ ማንም አይቀመጥም። ሠራተኛው ሁሉ ግን ከየቢሮው በሽቦ ይገባበታል፣ አንዱ ፋይል ያወጣል፣ ሌላው ያስገባል። ቢጠፋ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። እሱን ማሽን አከብረው ነበር። ይህን የምናገረው በኋላ ሰርቨር ጠል ናት እንዳትሉኝ ነው።

ሰርቨርን ሰው ያበላሸው ወሬ ሲያደርገው ነው። "ጠንካራ ነው"፣ "ቫይረስ አይነካውም"፣ "የትልልቅ ድርጅት ነው" ተብሎ ተወራ። ከዚያ የቤቱን ኮምፒውተር ያቀፈ ሁሉ እየመጣ የሰርቨር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ጫኑልኝ ማለት ጀመረ። አንድ የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ ከጎረቤታቸው ጋር የሚፎካከሩ ሰው ናቸው፣ ጎረቤትየው አስጭኗል ሲባል ሰምተው መጡ።

"ምን ይሠሩበታል?" አልኳቸው።

"ፊልም አይበታለሁ። ልጆቹም የቤት ሥራቸውን ይጽፉበታል።"

"ሌላ ሰው ከሌላ ማሽን ይገባበታል?"

"ማን አባቱ ነው የሚገባው? ቤቴኮ ቁልፍ ነው!"

"እንግዲያስ አያስፈልግዎትም። ሰርቨሩን ብጭንልዎት ድምፁም፣ ዋይፋዩም ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ልጆቹ የሚፈልጉት ፕሮግራም ግማሹ አልጫንም ይላል። ፊልሙን ዝም ብሎ ያሳይዎታል፣ ያለ ድምፅ።"

ነጋዴው እየሳቁ ተራውን የቤት ሲስተም አስጭነው ሄዱ። ጋሽ ይማም ግን አልሳቁም።

"ደንበኛ የጠየቀውን ስጪ" አሉኝ። "ሰው ኮርቻ ሲጠይቅሽ፣ በቅሎ አለህ ወይ ትይዋለሽ?"

"በቅሎ ከሌለውማ ኮርቻውን ማን ላይ ሊጭነው ነው?"

"እሱ የራሱ ጉዳይ ነው!"

"ሲመለስ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው ጋሽ ይማም።"

እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ደንበኛን ማስቀየም እንደ ኃጢአት የሚያዩ ነጋዴ ናቸው፤ እኔ ደግሞ የማይሆነውን "እሺ" ማለት ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል። እንዲህ እየተነታረክን ለዓመታት አብረን ሠራን።

አሁን ወደ ሐያት ልምጣ። ሐያት የሼህ ኑሩ ልጅ ናት። ሼህ ኑሩ ቁርአን የሚያስቀሩ፣ ዱዓቸው ይደርሳል የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ክርስቲያኑም ሲቸግረው ደጃቸው ይደርሳል። ሐያት ዓይኗ ገና በልጅነቷ በበሽታ ጠፋ። ቁርአኑን በጆሮዋ እየሰማች በቃሏ ሐፈዘችው። ከዚያም ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቋንቋ ተምራ በዲግሪ ተመረቀች። ዲግሪውን ይዛ ያልሄደችበት መሥሪያ ቤት የለም። "ጎበዝ ነሽ፣ አብሽሪ፣ እንደውልልሻለን" ይሏታል፤ አይደውሉም።

በመጨረሻ ከሩቅ ከተማ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ክፍል የሙከራ ሥራ ሰጣት። የተቀዳ ቃለ መጠይቅ በኢንተርኔት ይልኩላታል፣ እሷ እየሰማች በጽሑፍ ትገለብጣለች። ረመዳን እስኪገባ ካዩአት በኋላ ጥሩ ከሆነች ቋሚ፣ ካልሆነች ደህና ሁኚ። ዐረብ አገር የሚሠራው ታላቅ ወንድሟ ሰዒድ ደግሞ ሌላ ቆርጧል፤ ሥራው ካልሆነ ኮምቦልቻ አክስቷ ቤት ትቀመጣለች። አክስቷ መጥፎ ሴት ሆነው አይደለም። ሐያት ግን "እዚያ ከሄድኩ ዕድሜ ልኬን ሰው አጉርሶኝ ነው የምኖረው" ትለኝ ነበር።

ኮምፒውተሯን ያዘጋጀሁላት እኔ ነኝ። ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ጫንኩ። አማርኛውን እንደ ውጭ አገር ሰው እየሰበረ ነው የሚያነበው፤ ቤተሰቡ "ፈረንጁ" ብለው ስም አወጡለት፣ ሼህ ኑሩም "ይኼ ሰውዬ እኔ ጋ ቢቀራ ኖሮ ምላሱ ይስተካከል ነበር" ይላሉ። ከጠረጴዛው ሥር ደግሞ እንደ ስፌት መኪና ያለ ፔዳል ገጠምኩላት። ስትረግጠው ቅጂው ይሄዳል፣ ስትለቀው ይቆማል፤ እጆቿ ከመጻፊያው ሳይነሱ። አንድ ቀን ስትሠራ ቆሜ አየኋት። እግሯ፣ ጆሮዋ፣ ጣቷ አንድ ላይ ነው የሚሄደው። ማሻአላህ!

ከዚያ እኔ ፕሪንተሮች ልጠግን ደጎሎ ከተማ ተላክሁ። እኔ በሌለሁበት ሰዒድ ለእረፍት መጣ።

ሰዒድ እህቱን ይወዳል። አዲስ የሚያብረቀርቅ ኮምፒውተር አምጥቶላታል። ጓደኛው ደግሞ "ለሥራ ከሆነ የቤቱ ሲስተም የልጆች መጫወቻ ነው፣ ሰርቨር አስጭንላት" ብሎታል። ሰዒድ ማሽኑን ይዞ ወደ ሱቃችን ሄደ። ጋሽ ይማም የጠየቀውን ሰጡት፤ የሰርቨሩን የሙከራ ቅጂ በገዛ እጃቸው ጫኑ። ሰዒድም ተደስቶ፣ ወደፊት ትልቅ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ሲከፍት ዕቃውን ሁሉ ከእሳቸው እንደሚያስገባ ቃል ገባ።

በማግስቱ ቤታቸው ወዳጃ ተጠራ። ወዳጃ እኛ ጋ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጫቱ ተዘርግቶ፣ ዱዓ የሚደረግበት ነው። ወንዶቹ እልፍኝ፣ ሴቶቹ ጓዳ ከመጋረጃ ወዲያ ሆነው አሚን ይላሉ። አዲስ ዕቃ ሲገዛ፣ ሰው መንገድ ሲሄድ፣ ከብት ሲታመም፣ ለሁሉም ዱዓ አለው። የዚያን ቀን ኮምፒውተሩ መሐል ተቀመጠ። ሰዒድ ቆሞ ሰርቨር ምን ያህል ኃይለኛ እንደሆነ ለሽማግሌዎቹ አስረዳ። ሼህ ኑሩ እጃቸውን ዘርግተው "አላህ ሰርቨሩን ይባርከው፣ ያጽናው፣ አይለውጠው" አሉ። ጀመዓው "አሚን!" አለ። ሰዒድም በሦስተኛው ቀን ተሳፈረ።

እኔ ከደጎሎ ገና መመለሴ ነበር ስልኬ የጮኸው።

"መዲና፣ ኮምፒውተሬ ዲዳ ሆነ" አለችኝ ሐያት።

ካቻቢቴዬንና ፍላሼን ይዤ በረርኩ። ገና ስከፍተው ምን እንደሆነ ገባኝ። ድምፁ ተዘግቷል፤ የሰርቨር ተፈጥሮው ነው፣ ፊቱ ሰው እንደማይቀመጥ ያውቃልና ለማን ይናገር? ከቅንብሩ ገብቼ ድምፁን አስነሳሁት። ዋይፋዩንም ጨመርኩ። ፈረንጁን ጭኜ ብሞክረው እየተቆራረጠ ተናገረ፤ የድምፅ ካርዱን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ሾፌሩ፣ አልጫንም ብሏላ። የፔዳሉ ፕሮግራም ጭራሹን "ይህን ሲስተም አላውቀውም" ብሎ ተዘጋ። የቀድሞው ኮምፒውተሯስ አልኩ። ሰዒድ ለዘመድ ሰጥቶታል።

ከሁሉም የከፋው የተጫነው ሰርቨር የሙከራ መሆኑ ነው። የሙከራው ጊዜ ሲያልቅ ማሽኑ በየሰዓቱ ራሱን ያጠፋል። ሰው ቃለ መጠይቅ እየገለበጠ፣ መሐል ላይ ድርግም!

ላጠፋው ስል ደግሞ መስኮት ከፍቶ ምክንያት ጠየቀኝ። ሰርቨር እንዲህ ነው፣ "ለምንድን ነው የምታጠፊኝ?" ይላል። ሼህ ኑሩ አጠገቤ ነበሩ።

"ምን እያለ ነው?"

"ለምን ታጠፉኛላችሁ እያለ ነው ሼሁ።"

"ሱብሃነላህ! በገዛ ቤታችን?" አሉ።

ሳቅኩ፤ ሐያት ግን አልሳቀችም። እጆቿን መጻፊያው ላይ አስቀምጣ ፔዳሉን ደጋግማ ትረግጣለች። ምንም የለም። "የሬዲዮው ሰዎች ትናንት የላኩትን ዛሬ ይጠብቃሉ" አለች ቀስ ብላ።

"አብሽሪ። አሁኑኑ የቤቱን እጭንልሻለሁ" አልኩና ፍላሼን ሰካሁ።

ሼህ ኑሩ እጄን ያዙኝ።

"ቆይ ልጄ። ይህ ነገር ዱዓ ተደርጎለታል። አይለውጠው ብዬ እጄን አንስቻለሁ፣ ጀመዓው አሚን ብሏል። አሚን የተባለበትን አንቺ በካቻቢቴ ትፈቺዋለሽ?"

ወላሂ፣ ከሰው ጋር ስጣላ ኖሬያለሁ፤ ከዱዓ ጋር ግን ተጣልቼ አላውቅም። ፍላሹን ነቅዬ ወጣሁ።

ሱቅ ስደርስ ጋሽ ይማም ሰምተዋል። መካነ ሰላም ውስጥ ወሬ ከእግር ይቀድማል።

"እጅሽን ከዚያ ማሽን አንሺ" አሉኝ። "ድምፁን አስነሥተሽላታል፣ በቃ። ሰዒድ እኔን አምኖ ነው ያስጫነው።"

"ልጅቱ እንጀራዋ ሊሄድ ነው!"

"የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አባቷም ወንድሟም ተስማምተዋል።"

"እሷስ?"

"እሷን ማን ጠየቃት?" አሉ። ለክፋት አላሉትም፤ እንዲያው እንደ ተራ ነገር ወጣቸው። እኔን ግን አጥንቴ ድረስ ዘለቀኝ። ጋሽ ይማምም ቀጠሉ፤ "ከነካሽው ከዚህ ሱቅ ወጥተሻል፣ እወቂው።"

"አውቄዋለሁ" አልኩ።

ቀጥታ ወደ ሼህ ኑሩ ተመለስኩ። ቁርአን የሚቀሩ ደረሳዎቻቸውን ሸኝተው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር።

"ሼሁ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ወዳጃ ሲኖር እየዞረ ውሃውን፣ ጫቱን የሚያቀርበው ማነው?"

"ኻዲሙ ነዋ።"

"ቤቱ ሰው ሞልቶ ሳለ ኻዲም ያስፈልጋል። አንቱ ብቻዎን ተቀምጠው ኪታብ ሲያዩስ?"

"ብቻዬንማ ምን ያደርግልኛል? ይረብሸኛል እንጂ።"

"ሰርቨር ማለት ኻዲም ነው። ለብዙ ሰው የሚላላክ። ሐያት ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ ኻዲሙ ቆሞባት መጻፍ አቃታት። ማሽኑ መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ ቦታው አይደለም።"

ሼህ ኑሩ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። "ይህስ ገባኝ" አሉ። "ዱዓው ግን ዱዓ ነው። ብቻዬን አልፈታውም። ጀመዓው ይሰብሰብና ይነጋገር። ሐሙስ ከዙህር ሶላት በኋላ ነይ።"

ሐሙስ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ እልፍኙን ሞልተዋል። ኮምፒውተሩ እንደገና መሐል ተቀምጧል፣ እንደ ተከሳሽ። ሴቶቹ ጓዳ ናቸው። እኔ እልፍኙ በር ላይ ቆምኩ፤ ወደ ጓዳ ግቢ የሚሉ ዓይኖች አዩኝ፣ እምቢ ብዬ ቆምኩ።

ንግግሩ ተራዘመ። አንዱ ሽማግሌ "ሰዒድ እዚያ ለፍቶ ያመጣውን ማፍረስ ልቡን መስበር ነው" አሉ። ሌላው "ዱዓ የተደረገለትን መቀየር ለልጆቻችን ጥሩ ምሳሌ አይሆንም" አሉ። የጎረቤት ቄስም መጥተው ነበር፤ እሳቸውም "የተባረከ አይነካም፣ በእኛም እንዲሁ ነው" ብለው አገዙ። ነገሩ እየጠበቀ ሄደ። ማሽኑን እንጂ ልጅቱን የሚያነሳ ጠፋ።

"ያ ጀመዓ!" አልኩ። "ሁላችሁም ስለ ሰርቨሩ ትናገራላችሁ። ከእናንተ መሐል አንድ ሰው እሱ ፊት ተቀምጦ ያውቃል? የምትቀመጠውን ሰው ለምን አትጠይቋትም?"

"አንቺ ማን ሆነሽ ነው..." ብለው አንዱ ሽማግሌ ሊነሱ ሲሉ መጋረጃው ተከፈተ። ሐያት ናት። ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ወጣች፣ መሐል ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ይቅርታ፣ አውፍ በሉኝ" አለች። "ያን ቀን ዱዓ ሲያደርጉ እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሁሉም አሚን ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ግን አሚን አላልኩም።"

"ለምን ልጄ?" አሉ ሼህ ኑሩ።

"ለኔ ነው አልተባለማ። ለሰርቨሩ ነው የተባለው። ሰርቨሩ ይጽና፣ ሰርቨሩ አይለወጥ ተባለ። እሱ ሲጸና እኔ ከሥራዬ ልወጣ ነው። የሬዲዮው ሰዎች ዛሬ ደውለው ነበር፣ አንድ ዕድል ነው የቀረሽ ብለውኛል። ኮምቦልቻ መሄድ አልፈልግም አባዬ። አልሄድም። ወንድሜን እወደዋለሁ፤ ግን ኮምፒውተሩን የማየው እኔ ነኝ፣ በጆሮዬ።"

ሼህ ኑሩ ወደ ልጃቸው ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ለመደበቅም አልሞከሩም።

"እጄን ለብረት ነው ያነሣሁት ለካ" አሉ። "ልጄ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና ሳልጠይቃት። ነይ እዚህ ጎኔ ተቀመጪ። መዲና፣ ፍቺው።"

ማንም "አይሆንም" አላለም። እኔም ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ የሐያትን ቅጂዎችና ጽሑፎች ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ገለበጥኩ፤ መገልበጣቸውንም አንድ በአንድ ከፍቼ አረጋገጥኩ። መብራት ይመጣል ይሄዳልና ይዤ የመጣሁትን ትንሽ ዩፒኤስ ሰካሁ። ፍላሹን ሰክቼ ከፍላሽ እንዲነሳ አደረግኩ፣ ሰርቨሩ የነበረበትን የዲስክ ክፍል ሰረዝኩ፣ የቤቱን ሲስተም ጫንኩ። በመሐል መብራቱ ጠፋ፤ ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ሽማግሌዎቹ "ያ አላህ!" አሉ፣ ማሽኑ ግን ሥራውን ቀጠለ። ከዚያ የድምፁ ሾፌር፣ ዋይፋዩ፣ አንባቢው ፕሮግራም፣ በመጨረሻ ፔዳሉ። ሽማግሌዎቹ ጫታቸውን ይዘው እጄን ያያሉ። ቄሱም ብርጭቆ ውሃ አቀበሉኝ።

ድምፁ ሲመጣ ሐያት ከአባቷ ጎን ተነሥታ ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች። ፈረንጁ "ዴስክቶፕ" አለ። "መጣ ሰውዬው!" ብለው ሽማግሌዎቹ ሳቁ፣ ወሬው ደራ፣ አንዱ ስለ ራዲዮ፣ አንዱ ስለ ድሮ ቴፕ ማውራት ጀመረ።

ሐያት ፔዳሉን ረገጠች። ቅጂው ሄደ። ፊቷን ሳታዞር "ዝም በሉልኝ እባካችሁ" አለች። "ልስማበት። ሥራ ላይ ነኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ጫማቸውን አንሥተው፣ በእግር ጣታቸው እየተራመዱ ወደ ደጅ ወጡ። ዱዓውን ደጅ ነው የጨረስነው። ሼህ ኑሩ ስሟን ጠርተው "ሐያትን ይባርካት" አሉ፤ እኔም አሚን አልኩ፣ ከልቤ።

ሰዒድ ያን ቀን ማምሻውን ደወለ። ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበርና ሰማሁት። "ማን ነው የነካው?" ብሎ ጮኸ። ሼህ ኑሩ "ባለቤቲቱ" አሉት፣ ዘጉት። በማግስቱ ራሱ ለሐያት ደውሎ ብዙ አወሩ፤ ምን እንደተባባሉ አልጠየቅኩም። የማሠልጠኛውን ዕቃ ግን ከጋሽ ይማም ሱቅ አላስገባም፣ ማሠልጠኛውም እስከ ዛሬ አልተከፈተም።

ጠዋት ሱቅ ስገባ ጋሽ ይማም ቆመው ጠበቁኝ።

"ነካሽው?"

"ነካሁት።"

"ቁልፉን አስቀምጪ።"

ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ካቻቢቴዬንና ፍላሼን አንሥቼ ወጣሁ። እዚያ ሱቅ ነው ሰው የሆንኩት። ግን ዞር ብዬ አላየሁም። አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ እንዳስቀምጥ ፈቀደልኝ። ጠረጴዛው ቆይቶ ሱቅ ሆነ። ከጋሽ ይማም ጋር መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። አሁንም "ያቺ ሰርቨር አፍራሽ" ይሉኛል፣ እኔም "ያ ኮርቻ ሻጭ" እላቸዋለሁ።

ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው ሐያት በአባቷ ደረሳ ተመርታ በረንዳዬ ድረስ መጣች። ሰው እየጠበቀኝ ስለነበር ዕቃ እየፈታሁ ነው የተቀበልኳት።

"ቋሚ አደረጉኝ" አለች።

ካቻቢቴው ከእጄ ወደቀ። ተቃቅፈን እየጮህን አለቀስን፤ ደንበኛዬ ሰው የሞተብን መስሎት ተነሣ።

ሐያት ዛሬም እዚያው ቤት፣ እዚያው ወንበር ላይ ናት። ኮምፒውተሯን አልፎ አልፎ አቧራውን አራግፍላታለሁ፣ ከዚያ ሌላ አልነካውም።

ወጣት ጠጋኞች አሁን ወደ እኔ እየመጡ "ለቤት ኮምፒውተር ሰርቨር ይጫናል ወይ?" ይሉኛል። መልሴ አጭር ነው። ብዙ ሰው የሚገባበት፣ ቀንም ሌትም የማይጠፋ፣ ፊቱ ማንም የማይቀመጥበት ከሆነ ይጫናል። አንድ ሰው ተቀምጦ የሚሠራበት ከሆነ አይጫንም። ይህን የሚነግራችሁ ደግሞ የከፈለው አይደለም፣ የላካችሁ አለቃም አይደለም፣ የሚቀመጥበት ሰው ነው። ጓዳ ካለ ጓዳ ገብታችሁ ጠይቁት።